ራዳ፣ ክሪሽናና መልእክተኛዋ፦ የፍቅር ሥዕል እንዴት የአምልኮ ሥዕል ይሆናል?

በ18ኛው መቶ ዘመን በሰሜን ህንድ፣ በሂማላያ ተራሮች ግርጌ ከተሣሉት ትንንሽ ሥዕሎች ብዙዎቹ ይህን ይመስላሉ። ሌሊት ነው። በአንድ ወገን አንዲት ወጣት ሴት ቅጠል ተነጥፎላት አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። በሌላው ወገን፣ ወንዝ ዳር፣ ገላው ሰማያዊ የሆነ ወጣት ዛፍ ሥር ብቻውን ተክዟል። በመካከላቸው ሌላ ሴት ቆማለች። እጇ ወደ ወጣቱ ያመለክታል፣ ፊቷ ግን ወደ ሴትየዋ ነው። የምታስታርቅ ትመስላለች።

ይህን ሥዕል ያለ አስረጂ ያየ ሰው የተኳረፉ ፍቅረኞችንና ለእርቅ የገባች ጓደኛ ነው የሚያየው። አልተሳሳተም፤ ነገሩ ኩርፊያ ነው። ነገር ግን ሰማያዊው ወጣት ለሠዓሊውም፣ ሥዕሉን ላሠራው መስፍንም አምላክ ነው። ጥያቄው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አምላክ እንዴት ይኮረፋል? እንዴትስ ይናፍቃል? መኝታ፣ የተፈታ ጠጉርና የጨረቃ ብርሃን ያለበት ሥዕል በምን ሒሳብ መንፈሳዊ ይባላል? የህንድ ፊልም እያየ ያደገ ኢትዮጵያዊ ተመልካች የራዳንና የክሪሽናን ስም በዘፈኖቹ መካከል ሳይሰማ አልቀረም። ከስሙ ጀርባ ያለውን ነገር ግን ፊልሙ አያስረዳም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ክሪሽና ማን ነው? ራዳስ?

ሂንዱይዝም አንድ መሥራችም ሆነ ሁሉን የሚገዛ አንድ መጽሐፍ የለውም። በውስጡ ካሉት ትልልቅ ጎራዎች አንዱ ቪሽኑን ከሁሉ በላይ አድርጎ ያመልካል፤ ተከታዮቹ ቫይሽናቫ ይባላሉ። ቪሽኑ ምድር ክፋት ሲበዛባት ሥጋ ለብሶ ይወርዳል ብለው ያምናሉ። ክሪሽና ከእነዚህ መገለጦች እጅግ የሚወደደው ነው። ከዚህም አልፈው፣ ክሪሽና የሌላ አምላክ መገለጥ ሳይሆን ራሱ ምንጩ ነው የሚሉ ወገኖች አሉ።

ክሪሽና በማሃባራታ፣ በዚያ ግዙፍ የጦርነት ግጥም ውስጥ፣ የጦረኞች አማካሪና ሠረገላ ነጂ ነው። ሠዓሊዎቹ የወደዱት ግን ሌላውን ክሪሽና፣ እረኛውን ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ከዴልሂ በስተደቡብ፣ በማቱራና በቭሪንዳቫን ዙሪያ፣ በያሙና ወንዝ ዳር ነው። ክፉው ንጉሥ ካምሳ የእኅቱ ልጅ እንደሚገድለው ትንቢት ሰምቶ ሕፃናቱን ይፈጃል። ክሪሽና በተወለደ ሌሊት አባቱ ወንዙን አሻግሮ ከከብት አርቢዎች መንደር ይደብቀዋል። ያሾዳ የምትባል ሴት እንደ ልጇ ታሳድገዋለች። ቅቤ ይሰርቃል፣ ጥጃ ይጠብቃል፣ ከፍ ሲል ደግሞ ዋሽንት ይነፋል። ዋሽንቱን የሰሙ የመንደሩ ሴቶች ወተት እሳት ላይ ጥደው፣ ሕፃን ጡት እያጠቡ፣ ባል እያበሉ እንደነበር ረስተው ወደ ጫካው ይሮጣሉ። እነዚህ የከብት አርቢ ሴቶች ጎፒ ይባላሉ።

ይህን ታሪክ በሰፊው የሚተርከው ባጋቫታ ፑራና የሚባለው የሳንስክሪት መጽሐፍ፣ በተለይም አሥረኛው ክፍሉ ነው። የሚያስገርመው፣ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ራዳ በስም አልተጠራችም። ክሪሽና ከሌሎቹ ለይቶ የወሰዳት አንዲት ጎፒ አለች፤ ማን እንደሆነች ግን አይነገርም። ራዳ ባለ ሙሉ ታሪክ ሆና፣ ቁጣዋም ቅናቷም ተዘርዝሮ የወጣችው በ12ኛው መቶ ዘመን በአንድ ባለቅኔ ብዕር ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን።

አምላክን እንደ ፍቅረኛ መውደድ ለምን አስፈለገ?

ለዚህ መልሱ ያለው ባክቲ በሚባለው የአምልኮ መንገድ ውስጥ ነው። ባክቲ ማለት አምላክን በመሥዋዕትና በካህን ሥርዓት ብቻ ሳይወሰኑ በግል፣ በስሜት፣ ልብን በሙሉ ሰጥቶ ማምለክ ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን ገደማ በደቡብ ህንድ፣ በታሚል አገር ተነሥቶ በተከታዮቹ ዘመናት ወደ ሰሜን ተስፋፋ። ጉልበቱ ከቋንቋው ነበር። ዘማሪዎቹ የሊቃውንቱን ሳንስክሪት ትተው ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ዘመሩ። ከእነሱም መካከል ሴቶች፣ ሸማኔዎችና ከዝቅተኛ ወገን የተወለዱ ሰዎች ነበሩ። በ16ኛው መቶ ዘመን የኖረችው የራጃስታን (የምዕራብ ህንድ) ልዕልት ሚራባይ ባሏ ክሪሽና ብቻ መሆኑን እየዘመረች የቤተ መንግሥቱን ወግ ጥሳ ወጣች ይባላል።

በዚያው መቶ ዘመን በቭሪንዳቫን የተቀመጡ ሊቃውንት ጉዳዩን ሥርዓት አስያዙት። መምህራቸው ከቤንጋል የተነሣው ቻይታንያ (1486–1534) ነበር። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ሩፓ ጎስዋሚ፣ ሰው ወደ አምላክ የሚቀርብባቸውን አምስት ዓይነት ዝምድናዎች ዘረዘረ፦ በጸጥታ ማድነቅ፣ እንደ አገልጋይ መታዘዝ፣ እንደ ጓደኛ መጫወት፣ እንደ ወላጅ መሳሳት፣ በመጨረሻም እንደ ፍቅረኛ መውደድ። ከሁሉ የላቀው የመጨረሻው ነው አለ። አገልጋይ ይፈራል፤ ወላጅ ይጠነቀቃል። ፍቅረኛ ግን የሌሎቹን ሁሉ መውደድ በአንድነት ይዞ፣ በዚያ ላይ ራሱን ሳያስቀር ይሰጣል።

ጎፒዎቹ ባለትዳሮች መሆናቸውም በዚህ መንገድ ይተረጎማል። ሚስት ባሏን ብትወድ ሕግም ልማድም ከኋላዋ ናቸው። ስሟን፣ ቤቷንና ክብሯን ጥላ በሌሊት የወጣች ሴት ግን ከፍቅሯ በቀር የምታገኘው የለም። ምንም ሳይጠብቁ አምላክን መውደድ እንዲህ ነው ይላሉ። ይህ ትምህርት በቫይሽናቫዎች መካከል እንኳ ሁሉን አላስማማም፤ ራዳ የክሪሽና ሕጋዊ ሚስት ናት ብለው አጥብቀው የሚከራከሩ ወገኖች አሉ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚቀርበው ምሳሌ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን ነው። ከዳዊት መዝሙር ጋር በአንድ ጥራዝ ተጽፎ በጸሎት የሚደገመው ይህ መጽሐፍ ስለ ከንፈር፣ ስለ ጡት፣ ስለ ሽቶና በሌሊት በከተማ ፍቅረኛዋን ስለምትፈልግ ሴት ይናገራል። የሚደግመው ሰው ግን በእግዚአብሔርና በቤተ ክርስቲያን፣ ወይም በእግዚአብሔርና በነፍስ መካከል ያለውን ፍቅር ያስባል። የቃሉ ላይ ላዩ አልተሰረዘም፤ ትርጓሜው ከሥሩ ተቀምጧል። የራዳና የክሪሽና ሥዕሎችም የሚነበቡት በዚህ ዓይነት ነው። ልዩነቱ፣ በህንድ የላይኛው ንባብ በቃል ብቻ ሳይቀር በቀለምም መውጣቱ ነው። በቅርጽና በቀለም የወጣ ነገር ደግሞ ዐይንን ስለሚይዝ፣ ወደ ታችኛው ንባብ ለመውረድ ተመልካቹ ትንሽ መድከም አለበት።

የራዳን ታሪክ ማን ጻፈው?

ጃያዴቫ ይባላል። የቤንጋል ንጉሥ ላክሽማና ሴና ባለቅኔ እንደነበር ይነገራል። ጊታ ጎቪንዳ የተባለው ሥራው 12 ምዕራፎችና 24 መዝሙሮች አሉት። ተናጋሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ ክሪሽና፣ ራዳና የራዳ ጓደኛ።

ታሪኩ አጭር ነው። ጸደይ ገብቷል። ክሪሽና ከሌሎች ጎፒዎች ጋር ሲጫወት ራዳ አይታ ትቆጣለች፤ ተለይታም ትሄዳለች። ብቻዋን ስትሆን የሰንደል ቅባት እንደ መርዝ፣ የጨረቃ ብርሃን እንደ እሳት ያቃጥላታል። ክሪሽናም ጥፋቱ ገብቶት ይጸጸታል። ጓደኛዋ በሁለቱ መካከል ትመላለሳለች፤ የአንዱን ሕመም ለሌላው ትናገራለች። አንድ ሌሊት ይመጣል ተብሎ ሳይመጣ ይነጋል፤ ጠዋት ዐይኑ ቀልቶ፣ የሌላ ሴት ምልክት ገላው ላይ ይዞ ሲደርስ ራዳ ታባርረዋለች። ከዚያ ልመና፣ ቀጥሎ እርቅ። በመጨረሻው ምዕራፍ፣ ሌሊቱ ካለፈ በኋላ፣ ራዳ ታዛለች፣ ክሪሽናም ይታዘዛል፦ ጠጉሬን አስተካክል፣ ኩሌን መልስልኝ፣ ጌጤን እሰርልኝ። የዓለም ጌታ የአንዲት የከብት አርቢ ልጅ ደንገጡር ይሆናል።

ከልመናው ጋር የተያያዘ አንድ አፈ ታሪክ አለ። ጃያዴቫ ሲጽፍ፣ ክሪሽና ራዳን «እግርሽን ራሴ ላይ አድርጊ» የሚልበት ስንኝ ላይ ደረሰ። ፈራ። አምላክ የሴት እግር ራሱ ላይ እንዲያርፍ እንዴት ይለምናል? ብራናውን ትቶ ሊታጠብ ወደ ወንዝ ወረደ። ወዲያው «ጃያዴቫ» ተመልሶ መጣ፤ ስንኙን ጻፈ፣ ምሳውን በላና ወጣ። እውነተኛው ጃያዴቫ ሲመለስ ሚስቱ ከትራፊው ስትበላ አገኛት፤ የፈራው ስንኝም ተጽፏል። ሰዎች እንደሚሉት የጻፈው ክሪሽና ራሱ ነው። አፈ ታሪኩ ብልህ ነው፤ አንባቢው ሊያነሣው የነበረውን ተቃውሞ በባለቅኔው አፍ አስቀድሞ ያነሣና መልሱን ከአምላክ እጅ ያመጣለታል።

ግጥሙ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ቤተ መቅደስ ገባ። በምሥራቅ ህንድ፣ ፑሪ ባለው በታላቁ የጃጋናት መቅደስ ለዘመናት ሲዘመር ኖሯል። በ1499 በመቅደሱ የተቀረጸ የንጉሥ ትእዛዝ፣ በአምላኩ ፊት የሚዘምሩና የሚጨፍሩ ሰዎች ከዚህ ግጥም በቀር ሌላ እንዳያቀርቡ ያዛል።

ሥዕሎቹ ለምን ከመገናኘት ይልቅ መለያየትን ያበዛሉ?

ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ይመስለኛል። «የፍቅር ሥዕሎች» ሲባል ተቃቅፈው የቆሙ ጥንዶችን ይጠብቃል። እነሱም አሉ። ነገር ግን አንድ ሙሉ የጊታ ጎቪንዳ ሥዕል ስብስብ ገጽ በገጽ ቢገለጥ፣ ሁለቱ አብረው የሌሉባቸው ገጾች ብዙ ናቸው። ራዳ ብቻዋን፣ ክሪሽና ብቻውን፣ ጓደኛዋ በመንገድ ላይ።

የመለያየት ናፍቆት በሳንስክሪት ቪራሃ ይባላል። የባክቲ ሊቃውንት ከመገናኘት ያስበልጡታል። አብሮህ ያለውን በዐይንህ ታየዋለህ፤ የራቀህን ግን በየዛፉ፣ በየደመናው፣ በየወፉ ድምፅ ታየዋለህ። ባጋቫታ ፑራና ላይ በመከር ጨረቃ ሌሊት የሚደረገው ታላቁ ጭፈራ ይህን ያሳያል። ከጭፈራው በፊት ክሪሽና ከጎፒዎቹ ጋር ይጫወታል። እያንዳንዷ እኔን ብቻ መረጠ ብላ ልቧ ሲነፋ ድንገት ይሰወራል። ሴቶቹ ዛፎቹን በየስማቸው እየጠሩ «አላያችሁትም?» ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያም ፍለጋው እያበዳቸው እሱን መስለው መራመድ፣ እሱን መስለው መናገር ይጀምራሉ። በፍለጋው እሱን መሰሉ ማለት ነው። ክሪሽና ራሱን አብዝቶ ከእያንዳንዷ ጎፒ ጎን ቆሞ የሚጨፍረው ከዚህ በኋላ፣ ሲመለስ ነው።

ሠዓሊው ናፍቆትን በፊት ገጽታ ብቻ አይገልጽም፤ ፊቶቹ እንዲያውም ጸጥ ያሉ ናቸው። የሚናገረው መልክዓ ምድሩ ነው። ሰው የሌለበት የቅጠል መኝታ፣ ዛፍ ላይ የተጠመጠመች ሐረግ፣ ጥንድ ወፎች፣ ዝናብ ያዘለ ጥቁር ደመና። በህንድ ግጥም የክረምት መግቢያ የናፍቆት ወቅት ነው። መንገድ በጭቃ ስለሚዘጋ የሄደ ሰው ከዝናቡ በፊት ቤቱ መግባት አለበት፤ ደመናው መጥቶ ሰውየው ካልመጣ ነገሩ ተበላሽቷል። በማዕበል ሌሊት ብቻዋን ወደ ቀጠሮዋ የምትሄድ ሴትም በተደጋጋሚ ትሣላለች። መብረቅ ከላይ፣ እባብ ከእግሯ ሥር፣ አልቦዋ ወልቆ መሬት ላይ። አታይም፤ ዐይኗ ወደምትሄድበት ነው።

ተመልካቹ የራሱን ቦታ በሥዕሉ ውስጥ የት ያገኛል? ብዙ ጽሑፎች «ራዳ ነፍስ ናት፣ ክሪሽና አምላክ ነው» ብለው ያልፋሉ። ቀላል ስለሆነ ተለመደ እንጂ በቻይታንያ መንገድ የሚያምኑት የሚሉት ከዚህ ይለያል። ለእነሱ ራዳ ተራ ነፍስ አይደለችም፤ የክሪሽና የራሱ የደስታ ኃይል፣ እሷም መለኮት ናት። ምእመን የራዳን ቦታ አይመኝም። የሚመኘው የጓደኛዋን፣ ወይም ከጓደኛዋም በታች ያለች ትንሽ አገልጋይን ቦታ ነው። መልእክት የምታደርሰውን፣ መኝታ የምታነጥፈውን፣ በመጨረሻ ከበሩ ውጭ ቆማ የምትደሰተውን። ይህን ካወቁ በኋላ ሥዕሎቹ ይለወጣሉ። በጥንዶቹ መካከል ወይም ከዛፍ ኋላ የቆመችው ሴት ክፍተት መሙያ አይደለችም፤ ሥዕሉን በእጁ የያዘው ሰው የሚቆመው እሷ በቆመችበት ነው።

ሥዕሉን እንዴት እናንብበው?

ክሪሽናን በገላው ሰማያዊነት፣ በቢጫ ልብሱ፣ በዘውዱ ላይ ባለው የፒኮክ ላባና በዋሽንቱ መለየት ይቻላል። ሰማያዊው ዝናብ የያዘ ደመናን፣ ቢጫው መብረቅን ያስታውሳል፤ ባለቅኔዎቹ ደጋግመው ይህን ምሳሌ ይጠቀማሉ።

በአንድ ሥዕል ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ከታየ ስሕተት አይደለም፤ ጊዜው አልፏል ማለት ነው። ታሪኩ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይሄዳል። ከሥዕሉ ጀርባ ወይም ከላይ ጠርዙ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሣለው ስንኝ ይጻፋል። ሥዕሎቹ ግድግዳ ላይ ለመስቀል አልተሠሩም። በጨርቅ ተጠቅልለው ይቀመጡና ለጥቂት ሰዎች ይወጣሉ፤ አንዱ ስንኙን ሲያነብ ሥዕሉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለእኛ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የቀድሞ ሥዕሎች ቅዱሳን በሁለት ዐይናቸው ወደ ተመልካቹ ያያሉ፤ በጎን፣ በአንድ ዐይን የሚሣለው ክፉው ነው። በዚህ ልማድ የሠለጠነ ዐይን የህንዱን ሥዕል ሲያይ ሁሉም በጎን ስለተሣሉ ይደናገራል። እዚያ የጎን ፊት ክፋትን አያመለክትም፤ አምላክም ንጉሥም አገልጋይም የሚሣሉት እንደዚያ ነው። ጥቅሙም ግልጽ ነው፦ ሰዎቹ የሚያዩት እርስ በርሳቸው እንጂ እኛን አይደለም።

ማን ሣላቸው?

ለረጅም ጊዜ ሠዓሊዎቹ ስም አልነበራቸውም። በ1916 የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሩ አናንዳ ኩማራስዋሚ እነዚህን ሥዕሎች ከሙጋል (ሰሜን ህንድን ይገዙ ከነበሩት ሙስሊም ነገሥታት) ቤተ መንግሥት ሥዕሎች ለይቶ፣ የራጃስታንና የተራራው አገር ብሎ በሁለት ሲከፍላቸው እንኳ ሥራዎቹ የሚጠሩት በገዢው ወይም በግዛቱ ስም ነበር። ይህን የለወጠው የታሪክ ምሁሩ ብ. ን. ጎስዋሚ ነው። የሂንዱ ቤተሰቦች የሟቻቸውን አመድ ወደ ጋንጅስ ወንዝ ይዘው ሲሄዱ፣ በሃሪድዋር ከተማ ያሉ ካህናት የቤተሰቡን ስምና የትውልድ ሐረግ በረጅም መዝገብ ያሰፍራሉ። ጎስዋሚ በእነዚህ መዝገቦች ውስጥ የሠዓሊዎችን ስም ፈለገ፤ አገኘም። በ1968 ባወጣው ጥናት፣ የአሣሣሉ ስልት የሚከተለው ቤተ መንግሥቱን ሳይሆን ቤተሰቡን መሆኑን አሳየ።

ከእነዚህ ቤተሰቦች ስመ ጥሩው በትንሿ የተራራ ግዛት በጉለር የነበረው የፓንዲት ሴኡ ቤት ነው። ከአናጢ ወገን ናቸው። ሁለቱ ልጆቹ ማናኩና ናይንሱክ እንደ ሰማይና ምድር ይለያያሉ። ታላቁ ማናኩ በ1730 ጊታ ጎቪንዳን ሲሥል ጀርባውን በአንድ ደማቅ ቀለም ሞላው፤ ሰዎቹ ትልልቅ ዐይን አላቸው፣ ዛፎቹ እንደ ጌጥ የተደረደሩ ናቸው። ታናሹ ናይንሱክ ከሙጋል ሥዕል የተማረውን ለስላሳ መስመርና ጥልቀት ያለው መልክዓ ምድር አመጣ። በ1775 ገደማ የሁለቱ ወንድማማቾች ልጆች ያንኑ ግጥም እንደገና ሣሉት። ይህኛው ከመቶ የሚበልጡ ገጾች አሉት። ወንዙ ይታጠፋል፣ ጫካው ይጠልቃል፣ ራዳ ቀጭንና ዝምተኛ ናት። አንድ ቤተሰብ በሁለት ትውልድ አንድ ግጥም አንብቦ ሁለት የተለያዩ ዓለሞች ማየቱ ነው። እኔ ማናኩን አስበልጣለሁ፤ ጨካኝ ቀለሙ ከግጥሙ ሙቀት ጋር ይሄዳል። ብዙው ሰው ግን የኋለኞቹን ይወዳል።

በ1775 የሌላዋን የተራራ ግዛት የካንግራን ዙፋን የያዘው ራጃ (ንጉሥ) ሳንሳር ቻንድ ለዚህ የኋለኛው ስልት ትልቁ አሠሪ ሆነ። እስከ 1809 ድረስ፣ ምሽጉን ለሲክ ሃይማኖት ተከታዩ ገዢ ለራንጂት ሲንግ እስኪያስረክብ፣ ካንግራ የራዳና የክሪሽና ሥዕል መፍለቂያ ነበር።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ወረቀት በወረቀት ላይ እየተለጠፈ ይጠነክራል። ንድፉ ይወጣና ስስ ነጭ ቀለም ይቀባበታል፤ በነጩ ውስጥ የሚታየው መስመር እንደገና ይስተካከላል። ከማዕድንና ከዕፅ የተዘጋጀው ቀለም በየደረጃው ይደረባል። በየመካከሉ ሥዕሉ ይገለበጥና ጀርባው በለሰለሰ ድንጋይ ይታሻል፤ ቀለሙ የሚያበራው በዚህ ነው። ብሩሹ ከትንንሽ እንስሳት ጅራት የተወሰደ ጥቂት ጠጉር ነው። በባሶሊ፣ በሌላው የተራራ ግዛት፣ የነበሩ ሠዓሊዎች ደግሞ የጥንዚዛን አረንጓዴ የክንፍ ሽፋን በጥቃቅኑ ቆርጠው በጌጦቹ ላይ ይለጥፉ ነበር፤ ገጹ ሲነቃነቅ እንደ መረግድ ያብለጨልጫል።

ለእነዚህ ሥዕሎች ይሰገዳል?

ለገጽ ሥዕሎቹ በአብዛኛው አይሰገድም። ይነበባሉ፣ ይታሰብባቸዋል። የመቅደስ ሥዕል ለማየት ወደ ራጃስታን፣ ወደ ናትድዋራ መሄድ ያስፈልጋል።

በናትድዋራ ያለው ሽሪናትጂ የሚባል ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ የክሪሽና ምስል ነው። ግራ እጁ ወደ ላይ ተዘርግቷል፤ የዝናብ አምላክ ኢንድራ ተቆጥቶ ጎርፍ ሲያወርድ ክሪሽና የጎቫርዳን ተራራን እንደ ጃንጥላ አንሥቶ መንደሩን ያዳነበት ጊዜ ነው። ምስሉ ቀድሞ የነበረው በዚያው ተራራ አጠገብ ነው። የሙጋሉ ንጉሥ አውራንግዜብ መቅደሶችን ማፍረስ ሲጀምር በ1669 ካህናቱ ይዘውት ተሰደዱ፤ በ1672 በሜዋር ግዛት አሁን ባለበት ቦታ ተቀመጠ።

የዚህ ወገን መምህር ቫላባ (1479–1531) ነው። በናትድዋራ በዋናነት የሚታየው የፍቅረኛ ሳይሆን የእናት ፍቅር ነው። ሽሪናትጂ እንደ ሕፃን ጠዋት ይቀሰቀሳል፣ ይለብሳል፣ ይበላል፣ ከሰዓት ይተኛል። ምእመናን በቀን ስምንት ጊዜ ለአጭር ሰዓት ገብተው ያዩታል፤ ሲተኛ በሩ ይዘጋል። ከጀርባው የሚሰቀለው ሥዕል ያለበት ትልቅ ጨርቅ ፒችዋይ ይባላል፤ እንደ ወቅቱና እንደ በዓሉ ይቀያየራል። በበጋ ሙቀት የሎተስ ኩሬ፣ በዝናብ ወራት ደመናና ፒኮክ፣ በመከር ጨረቃ የጎፒዎች ጭፈራ። ጨርቁን የሚሥሉ ቤተሰቦች ዛሬም በከተማው አሉ።

በዚህ አምልኮ ማየት ራሱ ሥራ ነው። ዳርሻን ይሉታል፤ ምእመኑ አምላኩን ያያል፣ አምላኩም ያየዋል። ስለዚህ የሽሪናትጂ ፊት ወደ ተመልካቹ ነው።

«መንፈሳዊ ነው» የሚለው ሽፋን አይደለም?

ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ህንዳውያን ራሳቸው ጠይቀውታል። ኬሻቭዳስ የተባለ ባለቅኔ በ1591 የፍቅረኛ ዓይነቶችን የሚዘረዝር ግጥም ሲጽፍ ጀግኖቹን ክሪሽናና ራዳ አደረጋቸው። ከዚያ በኋላ የመሳፍንት ፍቅርና የአምላክ ፍቅር በአንድ ልብስ መሣል ጀመሩ። በራጃስታን፣ በኪሻንጋር ግዛት፣ መስፍኑ ሳቫንት ሲንግ ራሱ የክሪሽና ባለቅኔ ነበር፤ ዙፋኑን ትቶ ቭሪንዳቫን ገባ። ሠዓሊው ኒሃል ቻንድ የሣላት ረጅም ዐይን ያላት ራዳ መልኳ ከመስፍኑ ወዳጅ፣ ከአንዲት ዘፋኝ የተወሰደ ነው ይባላል። መስፍኑ ራዳን በወዳጁ አይቶ ይሁን ወዳጁን በራዳ፣ ከሥዕሉ መለየት አይቻልም። ምናልባት ለእሱም አይለይም ነበር።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት የደረሰበት ጊዜም አለ። በቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ጋዜጠኛው ካርሳንዳስ ሙልጂ፣ የቫላባ መንገድ አንዳንድ የሃይማኖት አለቆች ራሳቸውን በክሪሽና ቦታ አድርገው የምእመናን ሚስቶችና ሴት ልጆች ያባልጋሉ ብሎ ጻፈ። አንደኛው አለቃ በስም ማጥፋት ከሰሰው። በ1862 ጋዜጠኛው ረታ። ምሳሌው ምሳሌነቱ ቀርቶ የሥልጣን መሣሪያ ሲሆን ምን እንደሚያመጣ ያ ክስ በአደባባይ አሳየ። እኔ እንደማየው ይህ ሥዕሎቹን ውሸት አያደርጋቸውም፤ ግን «ሁሉም ንጹሕ ምሥጢር ነው» የሚለውን ጣፋጭ ማብራሪያም እንዳለ መዋጥ አይገባም።

በየሱቁ የምናየው የራዳና የክሪሽና ምስልስ?

እሱ የሌላ ዘመን ልጅ ነው። ሠዓሊው ራጃ ራቪ ቫርማ (1848–1906) በአውሮፓ የዘይት ቀለም ስልት የሂንዱ አማልክትን ሣለ። በ1894 ቦምቤይ አጠገብ ማተሚያ ቤት አቋቋመ። ቀድሞ መስፍን ብቻ የሚይዘው ሥዕል በጥቂት ሳንቲም የድሃ ቤት ገባ። ከዚያ የቀን መቁጠሪያው፣ ፖስተሩ፣ የመኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈው ምስል ተከተሉ። ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ዕጣንና አበባ የሚቀርብለት ስለሆነ ፊቶቹ ወደ ተመልካቹ ዞሩ፤ ጥንዶቹም ብቻቸውን ቀሩ። ናፍቆቱ ሁሉ ወጥቶ መገናኘቱ ብቻ ተረፈ ማለት ይቻላል።

የቀድሞዎቹን የት ማየት ይቻላል?

የ1730ውም የ1775ቱም ስብስቦች ተበታትነዋል። ህንድና ፓኪስታን በ1947 ሲለያዩ የላሆር ሙዚየም ንብረት ስድሳ እጁ ለፓኪስታን፣ አርባ እጁ ለህንድ ተከፈለ፤ ለህንድ የደረሰው ዛሬ በቻንዲጋር ሙዚየም አለ። በዴልሂ ብሔራዊው ሙዚየም ሰፊ ክምችት አለው። አውሮፓ ያለ አንባቢ በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየምን፣ በዙሪክ ሪትበርግ ሙዚየምን መሞከር ይችላል። አሜሪካ ላለው የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታንና ኩማራስዋሚ የሠራበት የቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም አሉ። ወረቀትና ቀለም ብርሃን ስለሚጎዳቸው ሥዕሎቹ ሁሌ ከመጋዘን ወጥተው አይቆዩም፤ በየጥቂት ወራቱ ይቀያየራሉ። ከመሄድ በፊት የትኞቹ እንደተሰቀሉ በድረ ገጻቸው ማየት ይበጃል። ከዚያ ደግሞ ቀረብ ብሎ፣ ጊዜ ወስዶ ማየት፤ በክንድ ርቀት ተይዘው እንዲታዩ የተሠሩ ናቸውና ከሩቅ ብዙም አይናገሩም።